«ኢንስትሩሜንቴሽን» በአማርኛ ምን እንበለው? መሣሪያው ነው ወይስ አሠራሩ?

የቆጪው_መምህር (ርዕሱን የከፈቱት)፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለሠልጣኞቼ የሚሆን የመማሪያ ጽሑፍ በአማርኛ ላዘጋጅ ተነሥቼ ገና ከሽፋኑ አላልፍ አልኩ፤ የትምህርቱ ስም «ኢንስትሩሜንቴሽን» ነውና። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ኢንስትሩመንት መሣሪያ ከሆነ ኢንስትሩሜንቴሽን መሣሪያዎች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የአዌቱን ድልድይ ሳልሻገር መልሴ ስሕተት እንደነበረ ገባኝ። አንድ መጋዘን ውስጥ የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና ቫልቭ እስከ ጣሪያው ተከምሮ ብናገኝ «መሣሪያ ሞልቷል» እንላለን እንጂ «ኢንስትሩሜንቴሽን አለ» አንልም። ታዲያ በክምሩና በኢንስትሩሜንቴሽኑ መካከል ያለው ምንድን ነው?

ቃሉን ሙዚቀኛውም፣ ሐኪሙም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም ሰው እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ። ስለዚህ የምለምናችሁ የመዝገበ ቃላት ፍች እንድትሰጡኝ ሳይሆን፣ ቃሉ በየሥራችሁ ለምን ነገር እንደሚውልና በአማርኛ ስታስረዱት ምን እንደምትሉ በምሳሌ እንድትጽፉልኝ ነው።

አራት_እስከ_ሃያ፦

መምህር፣ ይህ ጥያቄ እኔንም ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። በፋብሪካ ጥገና ከ12 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እኛ ዘንድ ቃሉ የክፍል ስምም የሥራ ስምም ነው፤ «ኢንስትሩሜንቴሽን ጥራ» ሲባል ሰዎቹን መጥራት ነው፣ «ኢንስትሩሜንቴሽኑ አላለቀም» ሲባል ደግሞ ሥራው ነው። ያነሡትን የክምር ምሳሌ ወድጄዋለሁ፤ ከዚያው ልነሣ።

አንድ የውኃ ታንከር እንውሰድ። ከሥሩ የተገጠመው ሴንሰር የውኃውን ግፊት ይሰማል። ትራንስሚተሩ የተሰማውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ወደ ኮንትሮል ሩም ይልካል። ኮንትሮለሩ የመጣለትን ቁጥር ከታዘዘው መጠን ጋር አስተያይቶ ቫልቩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ቫልቩ ሲንቀሳቀስ የውኃው ከፍታ ይለወጣል፣ ሴንሰሩም እንደገና ይሰማል። ይህን ዙር ሉፕ እንለዋለን። አራቱ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ኢንስትሩመንት ናቸው፤ ኢንስትሩሜንቴሽን የምንለው ግን የትኛው የት እንደሚገጠም፣ በምን ምልክት እንደሚነጋገሩ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዴት እንደሚያውቅ አስቦ መምረጥን፣ መዘርጋትንና ልካቸውን መጠበቅን ነው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። ተረኛ ሆኜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ኦፕሬተሩ ደወለና «ታንከሩ ከዜሮ በታች 25 በመቶ ሆኗል» አለኝ። ከባዶ በታች የሆነ ታንከር በዓለም የለም፤ እኔ ግን ቁጥሩን እንደሰማሁ ሽቦ መቆረጡን ዐወቅሁ። ምክንያቱም በእኛ ሥራ የተለመደው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን 4፣ ግማሽ ሲሆን 12፣ ሙሉ ሲሆን 20 ሚሊአምፔር ይመጣል፤ በባዶና በሙሉ መካከል ያለው ርቀት 16 ነው። ሽቦው ሲቆረጥ ምንም አይመጣም፤ ዜሮ ደግሞ ከ4 በ4 ያንሳል፣ 4 የ16 ሩብ ነው፣ ስለዚህ መስኮቱ ላይ ከዜሮ በታች 25 በመቶ ይነበባል። ባትሪ ይዤ ወርጄ መስመሩን ስከተል ከግድግዳው ሥር አይጥ የበላችውን ቦታ አገኘሁ፤ የመዳቡ ክሮች እንደ ጥርስ መፋቂያ ጫፍ ተበትነው ነበር።

ምልክቱ ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ የተቆረጠው ሽቦ «ታንከሩ ባዶ ነው» ብሎ ይዋሽ፣ ፓምፑም ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሲያፈስ ያድር ነበር። በአየር ግፊት ይሠራ የነበረው የቀድሞው ዘዴም እንዲሁ ከዜሮ ሳይሆን ከ3 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሐድ ነው) ነበር። እኔ ኢንስትሩሜንቴሽን የምለው ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ሴንሰር መግዛት የግዥ ክፍል ሥራ ነው።

ዋሽንቱ፦

ወንድሜ አራት እስከ ሃያ፣ የአይጧ ታሪክ ደስ ብሎኛል፤ ወደ እኛ ሰፈር ደግሞ ልውሰዳችሁ። በሙዚቃ ኢንስትሩሜንቴሽን ማለት ለአንድ ሥራ የትኞቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች እንደሚገቡና የትኛው ክፍል ለየትኛው መሣሪያ እንደሚሰጥ መወሰን ነው። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ይጻፍ ነበር እንጂ ለዚህ ራሱን የቻለ መስመር አልነበረውም፤ አቀናባሪው በቅንብሩ ውስጥ አብሮ ይሠራዋልና። ነገር ግን ቅንብር ይሰፋል። ቅንብር መግቢያውን፣ አዝማቹን፣ የድምፆቹን መደራረብ ሁሉ ይይዛል፤ ኢንስትሩሜንቴሽን ከዚያ ውስጥ «ማን ይጫወተው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ በኋላ ድምፁ ተወስኗል፤ እንደ ክራር ጅማቱን አጥብቄ ወይም አላልቼ ከትዝታ ወደ ባቲ ልወስደው አልችልም። ስለዚህ በከረጢቴ ውስጥ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች እይዛለሁ። አቀናባሪው ዋሽንት ሲመርጥ ሌሎቹ ሁሉ ዋሽንቱ ካለበት እንዲገኙ መርጧል ማለት ነው። በገናን ደግሞ ተመልከቱ። 10 ጅማቶች አሉት፤ ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በጅማቱና በድጋፉ መካከል ከምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። ያንን ነዛሪና ዝግ ያለ ድምፅ ከድራም ጎን ብታስቀምጡት በገናው ተደርድሮም አልተደረደረም፤ ማንም አይሰማውም። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ደርዳሪውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጎረቤት የመረጠለት ሰው ነው።

ስለ ቃሉ በጅማ ከተነጋገርን ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ተወለዱ፤ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፣ እርሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበሉ፤ በለንደን፣ በኋላም በቦስተን በርክሊ ተማሩ። ኢትዮ ጃዝ ብለው የሰየሙት ሥራ አንዱ ምሥጢር ኢንስትሩሜንቴሽኑ ነው። አምስት ድምፅ ያላቸው የእኛ ቅኝቶች በቫይብራፎን ሲመቱ፣ ከሥር ኮንጋ ሲገባ፣ ከላይ ሳክስፎንና ትራምፔት ሲመልሱ፣ ቅኝቱ የድሮው ሆኖ ሳለ ጆሯችን አዲስ አገር የገባ ይመስለዋል። ምሕንድስናውን ቢቀጥሉ ኖሮ ምናልባት የአራት እስከ ሃያ አለቃ ይሆኑ ነበር።

እውነቱን_ልናገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ፍለጋ ከንቱ ነው እላለሁ። ፈረንጅ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ቃል ቢጠራ እኛ ለምን አንድ ቃል እንፈልጋለን? የእኛው «መሣሪያ» ራሱ እንዲህ አይደለም ወይ? በዜና «መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች» ሲባል ክራር የያዙ ሰዎች በዐይነ ኅሊናው የሚመጡበት አድማጭ የለም። የፋብሪካውን ለፋብሪካ፣ የሙዚቃውን ለሙዚቃ ለየብቻ ተርጉመን መገላገል ነው። ደግሞ ሉፕ የሌለው፣ ምንም የማይቆጣጠር መለኪያ ብቻ የተተከለበት ቦታስ ኢንስትሩሜንቴሽን አይባልምን?

አራት_እስከ_ሃያ፦

የመጨረሻው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሉፑን በማጋነኔ ያሳሳትኩ ይመስለኛል። ይባላል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ግልገል ጊቤን አስቡት፤ የመጀመሪያው ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። በጣቢያው ውስጥ የተርባይኑ ፍጥነት በሉፕ ይጠበቃል። በግድቦች አካል ውስጥ የሚቀበሩት ፒዞሜትሮች ግን ምንም አይቆጣጠሩም። ሥራቸው በአፈሩና በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ የሚገባውን የውኃ ግፊት ለዓመታት መናገር ብቻ ነው፤ ሰምቶ የሚወስነው ሰው ነው። ይህም የግድብ ኢንስትሩሜንቴሽን ይባላል። እንግዲህ የጋራው ነገር መቆጣጠሩ ሳይሆን፣ ዐይን የማያየው ነገር እንዲታይ መሣሪያዎችን በታሰበበት ቦታ ማኖሩ ነው። አንድ ፒዞሜትር በተሳሳተ ጥልቀት ከተቀበረ ወርቅ የሚያወጣ ቢሆንም ጥቅሙ ከድንጋይ አይበልጥም።

የኦፕሬሽን_ክፍል_ነርስ፦

መምህር፣ በእኛ ዘንድ ቃሉ ጠበብ ይላል። መቀሱ፣ መቆንጠጫውና ምላጩ ኢንስትሩመንት ናቸው፤ ሆድ ከመከፈቱ በፊትና ከመዘጋቱ በፊት ቆጥሬ የማስረክባቸው እነርሱን ነው። ኢንስትሩሜንቴሽን ስንል ግን በአብዛኛው ሁለት ነገር ማለታችን ነው። የጥርስ ሐኪሞች የተበላሸውን የጥርስ ሥር በቀጫጭን ሞረድ መሰል መርፌዎች መጥረጋቸውንና ማስፋታቸውን እንደዚያ ይሉታል። የአጥንት ሐኪሞች ደግሞ የተሰበረ ወይም የተጣመመ አከርካሪ በብረት ዘንግና በብሎን ሲታሰር ይሉታል። የኋለኛውን ነገር በስፋት ያስተዋወቀው በልጅነት ልምሻ ምክንያት አከርካሪያቸው የተጣመመባቸውን ልጆች ያክም የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ሃሪንግተን ነው፤ ዘንጉም በስሙ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የአራት እስከ ሃያ መሣሪያዎች ይለካሉ፣ የዋሽንቱ መሣሪያዎች ይዘምራሉ፣ የእኛው ዘንግ ግን አይለካም፣ አይናገርም፣ ሰውዬው ሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ለቤተ ሰብ በአማርኛ ሳስረዳ «ብረት ገብቶለታል» እላለሁ፣ ሁሉም ይገባዋል። አንድ ትርጉም ለሁሉም ይሁን ከተባለ የእኛ ብረት ከውጭ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

የጀንፈል_ልጅ፦

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በኢንስትሩሜንቴሽን የተቃጠልኩ ሰው ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። አባቴ ጀንፈል ደረቀ አልደረቀ የሚለውን በጥርሱና በጆሮው ነበር የሚለየው፤ እፍኝ ወስዶ ሲያንሿሿው ድምፁ «ከረረ» ካለ ይበቃል። አሁን የእርጥበት መለኪያ ማሽን አለ። የተቀሸረውን ቡና ኩባያው ውስጥ ታፈሳላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ቁጥር ይመጣል። ለገበያ የሚፈለገው 12 በመቶና ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይፈራል፤ አለቅጥ ሲደርቅ ፍሬው ይሰባበራል፣ ክብደትም ይጎድላል። አንድ በመቶ እርጥበት በ17 ኪሎው ፈረሱላ 170 ግራም ነው፤ መኪና ሙሉ ሲሆን አስቡት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ተቀባይ ቡናችንን «13.4 በመቶ ነው፣ መልሳችሁ አድርቁ» ብሎ መለሰው። ወደ አልጋው መልሰን ሁለት ቀን በፀሐይ አገላበጥነው፤ ወስደን ስናስለካው አሁንም 13 ግድም። የዚያን ጊዜ አንድ ወጣት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከኋላ መጥቶ የማሽኑን መስኮት አየና ዝም አለ፤ ከዚያም አንድ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ማሽኑ የተቀመጠው በበቆሎ ላይ ነበር! ወደ ቡና ሲመልሰው ቁጥሩ 10.6 ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የደረቀ ቡና ስናደርቅ ኖረናል፤ የጎደለውን ክብደት የተካልን የለም።

ወጣቱ ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ማሽኑ ውኃን አይለካም። የሚለካው በሁለት ብረቶች መካከል የተኛው ፍሬ የኤሌክትሪክ ኃይልን ምን ያህል እንደሚያጠራቅም ነው። በዚህ ጠባይ ውኃ ከደረቅ ፍሬ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ ወደ እርጥበቱ የሚወስድ ሠንጠረዥ በውስጡ ተጽፏል፤ ሠንጠረዡም ለቡና ሌላ፣ ለበቆሎ ሌላ ነው። እውነተኛው ዳኛ ምድጃው ነው፤ ናሙናው ተመዝኖ በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ከቆየ በኋላ እንደገና ይመዘናል፣ የጎደለው እንደ እርጥበት ይቆጠራል። የእጅ ማሽኑ ከምድጃው ጋር በየጊዜው ካልተመሳከረ የሚሰጠው ቁጥር ወሬ ነው። እኔ በበኩሌ የኢንስትሩሜንቴሽን ትርጉም ውስጥ ይህ ማመሳከር ከሌለበት አልቀበለውም።

ምዕራፍ_ሦስት፦

የጀንፈል ልጅ የጻፉትን ሳነብ የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ አስታወሰኝ። በምርምር ዘዴ ምዕራፋችን ውስጥ «ኢንስትሩሜንቴሽን» የሚል ንዑስ ርዕስ አለ፤ በአማርኛ «የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያዎች» እንለዋለን። መሣሪያው ግን ሽቦ የለውም፤ መጠይቅ፣ የቃለ መጠይቅ መምሪያ ወይም የምልከታ ቅጽ ነው። ርዕሱ የሚጠይቀን ቅጹን አባሪ አድርገን እንድንለጥፍ ብቻ ሳይሆን፣ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ በማን ላይ እንደተሞከሩ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ሲተረጎሙ ትርጉማቸው እንዳልተዛባ በምን እንደተረጋገጠ እንድናስረዳ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ በዚያው በምርምር መስክ ቃሉ የስሕተት ስም ሆኖ ያገለግላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶናልድ ካምቤልና ጁሊያን ስታንሊ የምርምርን ውጤት ከሚያጣምሙ ነገሮች መካከል አንዱን «ኢንስትሩሜንቴሽን» ብለው ጠሩት። የሚለካው ነገር ሳይለወጥ ለኪው በመካከል ሲለወጥ ማለት ነው። ጠዋት የመጀመሪያውን ስኒ የቀመሰ ቡና ቀማሽና ከሰዓት በኋላ አርባኛውን የሚቀምሰው ያው ሰው ቢሆኑም ምላሱ ያው አይደለም፤ ነጥቡ ቢወርድ ቡናው ወረደ ወይስ ምላሱ ደከመ? እንግዲህ እዚህ ሰውም መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ ደግሞ እነርሱ ዘንድ ፕሮግራም ውስጥ ጊዜና ብዛት የሚቆጥሩ መስመሮችን መጨመር እንደዚሁ እንደሚባል ነግሮኛል፤ የተጨመሩት መስመሮች ፕሮግራሙን ራሱን ስለሚያዘገዩት ሲበዙ የሚለኩትን ያበላሻሉ አለኝ።

አራት_እስከ_ሃያ፦

እኛም ጋ ያው ነው። ደካማ ቮልቲሜትር ከሰርኪዩቱ ጅረት እየሳበ ይለካል፤ የሚያነበው ራሱ ያወረደውን ቮልቴጅ ነው።

አባ_ሰዋስው፦

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ በጸጥታ ሳነብ ቆይቻለሁ። ስለ ማሽን የማውቀው የለም፤ ስለ ቃሉ ግን ጥቂት ልበል። ኢንስትሩመንት የሚለው ከላቲን ግስ የመጣ ነው፤ ግሱም ማደራጀት፣ መገንባት፣ ማስታጠቅ ማለት ነው። የእኛን «መሣሪያ» ብንመረምር «ሠራ» ከሚለው የወጣ ነው፤ መጥረጊያ ከጠረገ፣ መለኪያ ከለካ እንደሚወጣ ማለት ነው። «ሠራ» ደግሞ ወደ ግእዙ «ሠርዐ» ይመልሰናል። የሠርዐ ፍች ደነገገ፣ አሰናዳ፣ በተራ በተራ አቆመ ነው፤ «ሥርዓት» የሚለው ቃል የዚሁ ልጅ ነው። እንግዲህ መሣሪያና ሥርዓት ወንድማማች ናቸው። መምህር በክምሩና በኢንስትሩሜንቴሽኑ መካከል ያለው ምንድን ነው ብለው የጠየቁት፣ በእኔ ግምት፣ ሥርዓት ነው። «የመሣሪያ ሥርዓት» ቢሉት ላቲኑም ግእዙም አይጣሉም። የነርሷም ብረት በዚህ ውስጥ ይገባል፤ የተጣመመውን አከርካሪ በሥርዓቱ የሚያቆም ነውና።

የማስታጠቁ ፍችም አይናቅ። ዋሽንቱ ባነሡት ሰው ስም ላይ «አስታጥቄ» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ መሣሪያ አስታጣቂ ለሆነ ሙዚቀኛ ከዚህ የተሻለ የአባት ስም ከየት ይመጣል?

የጅሬን_ልጅ፦

በአፋን ኦሮሞም «ሜሻ» ማለት ዕቃም፣ መሣሪያም፣ ከተጨመረበት ጋር የጦርም የሙዚቃም ይሆናል፤ ለመለኪያ ግን «ሰፈርቱ» የሚል ለብቻው አለ፣ ከመለካት የወጣ። ስለዚህ እቤት ውስጥ ለእናቴ ሥራዬን ሳስረዳ ሁለቱን ፈጽሞ አላምታታም። መምህርም በክፍላቸው ሁለቱን ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሉ በዚህ ቢጀምሩ ይቀልላቸዋል።

አራት_እስከ_ሃያ፦

አባታችን፣ የቃሉን ዘር ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ «ሥርዓት» ላይ ግን አንድ ችግር አለብኝ። እኛ ሥርዓትን «ሲስተም» ለሚለው ሰጥተነዋል። የማቀዝቀዣው ሥርዓት፣ የእሳት መከላከያው ሥርዓት እንላለን። «የመሣሪያ ሥርዓት» ያልኩት ሠራተኛ የምዝግባ ደብተሩን ይዞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ቢሄድ አልፈርድበትም።

ዋሽንቱ፦

እኔስ «ቅኝት»ን ላቅርብ? ክራር ይቃኛል፤ ጠላትም አገርም ይቃኛል። አንዱ ልክን ማስተካከል ነው፣ ሌላው የማይታየውን ሄዶ ማየት ነው፤ አራት እስከ ሃያ ስለ ግድቡ የተናገሩትና የጀንፈል ልጅ ስለ ምድጃው የተናገሩት ሁለቱም በአንድ ግስ ውስጥ ይገኛሉ።

እውነቱን_ልናገር፦

ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን «ቅኝት» በሙዚቃው ቀድሞ የትዝታና የአንቺሆዬ ስም ሆኗል። እርስዎ ራስዎ ነገ «ኢንስትሩሜንቴሽኑ ባቲ ነው» የሚል ተማሪ ይገጥመዎታል። በመጀመሪያ ካልኩት አልተነቃነቅሁም፤ ለየሙያው ለየብቻ ይሁን። አባታችን ዘሩ አንድ ነው ማለታቸውን ግን ተቀብያለሁ፤ አንድ ዘር ብዙ ቅርንጫፍ ቢኖረው ነውር የለውም።

የቆጪው_መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስት ቀን ማውጠንጠን በኋላ የጻፍኩትን ላስነብባችሁና ትችታችሁን ልቀበል። ሽፋኑ ላይ «ኢንስትሩሜንቴሽን» የሚለውን በፊደላችን እንዳለ ተውኩት፤ ሠልጣኞቼ ሥራ ሲቀጠሩ በበሩ ላይ ተጽፎ የሚያገኙት እርሱን ነውና። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «በዚህ ትምህርት ኢንስትሩሜንቴሽን ማለት የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ለታወቀ ዓላማ መምረጥ፣ በተገቢው ቦታ መዘርጋት፣ እርስ በርስ ማናበብና ልካቸውን በየጊዜው ማመሳከር ነው።» ረዘም ይላል፤ ነገር ግን «ማመሳከር» የምትለዋን የጀንፈል ልጅ እንዳይቆጡኝ ብዬ አልቀነስኳትም። ለሙዚቃው «የመሣሪያ ምደባ»፣ ለምርምሩ «የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ዝግጅት» የሚሉትን በግርጌ አስገብቻለሁ። የነርሷን «ብረት ገብቶለታል» የሚያሻሽል ቃል አላገኘሁም፤ እንዳለ ወስጄዋለሁ።

ትናንት ለጠየቀችው ልጅ በክፍል ፊት «ባለፈው ተሳስቻለሁ» ብዬ መልሴን አረምኩ፤ ከዚያም ትርጉሙን በሥራ እናሳይ ብለን አራት ቴርሞሜትር በአንድ ድስት የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርን። ሠልጣኞቹ ሁሉ 100 ዲግሪ ይጠብቁ ነበር። ሦስቱ 94 አካባቢ ቆሙ፤ አራተኛው 97 አነበበ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «97 ያለው ነው ትክክሉ፣ ለ100 ይቀርባል» አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ አየሩ ሲሳሳ ውኃ ቀድሞ እንደሚፈላና እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም እንደሆነ ሳስረዳ ያቺው ልጅ «እንግዲያው ይህኛው ይጣል?» አለችኝ። መልሴን ለዛሬ አሳደርኩት፤ ምን ትላላችሁ?

አራት_እስከ_ሃያ፦

እንዳይጣል! አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይፈረድበትም። የተቀጠቀጠ በረዶ ከጥቂት ውኃ ጋር በብርጭቆ ሙሉና አራቱንም ንከሩ፤ የሚቀልጥ በረዶ በጅማም በአሰብም ዜሮ ነው። ያ ቴርሞሜትር እዚያም 3 ካለ ስሕተቱ ቋሚ ስለሆነ «3 ይቀነስ» ብለው ወረቀት ይለጥፉበትና ይጠቀሙበት። በበረዶው ዜሮ ብሎ በፈላው 97 ካለ ግን ስሕተቱ እየከፈተ የሚሄድ ነው፤ ያኔ ሌላ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል።

የቆጪው_መምህር፦

በረዶውን አጂፕ አካባቢ ካለ ጭማቂ ቤት እለምናለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል አለን፤ ያነበብነውን ማታ እዚሁ እጽፋለሁ።